በእንግሊዝ የካውንስል ምርጫ ድምፅዎ እንዳይባክን፦ ከምዝገባ እስከ ሳጥኑ ድረስ

የካውንስል ምርጫ ድምፅ መስጠት ራሱ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ድምፁ የሚባክነው ከዚያ በፊት፣ ወረቀት ላይ ነው። በመዝገቡና በመታወቂያው ላይ ያለው ስም ይለያያል፣ በፖስታ በሚመለሰው ቅጽ ላይ የልደት ቀን ይሳሳታል፣ ወይም የመመዝገቢያው ጊዜ በአንድ ቀን ያልፋል። የእኛ ሰው ስምና የልደት ቀን ከእንግሊዞቹ ቅጽ ጋር በቀላሉ ስለማይገጥም ችግሩ እኛ ላይ ይብሳል።

መመሪያው የሚሠራው በእንግሊዝ ለሚኖር ሰው ነው፤ ስኮትላንድና ዌልስ ለካውንስል ምርጫ የራሳቸው ሕግ አላቸው። ከዚህ በታች ያሉት ቀኖችና ሰዓቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ከምሽቱ 10 ሰዓት ሲባል በሐበሻ 4 ሰዓት ማለት ነው።

አስቀድመው አንድ ቦታ የሚያስቀምጡት

• ናሽናል ኢንሹራንስ ቁጥር። በፔይስሊፕዎ ላይ ይገኛል።
• ፎቶ ያለበት መታወቂያ። የትኛው እንደሚሠራ ደረጃ 4 ላይ ተዘርዝሯል።
• በሆም ኦፊስ ሰነድ ላይ የሰፈረው የልደት ቀንዎ።
• ባለፉት 12 ወራት ቤት ቀይረው ከሆነ የቀድሞው አድራሻና ፖስት ኮድ።
• በፖስታ የሚመርጡ ከሆነ ጥቁር እስክሪብቶና ነጭ ወረቀት።

ደረጃ 1፦ መምረጥ የሚችሉ መሆንዎን ያረጋግጡ

18 ዓመት መሙላትና በአካባቢው መኖር ብቻውን አይበቃም፤ ዜግነት ይጠየቃል። መምረጥ የሚችሉት እነዚህ ናቸው።

• የብሪታንያ ወይም የአየርላንድ ዜጋ።
• የመኖሪያ ፈቃድ ያለው፣ ወይም ፈቃድ የማያስፈልገው የኮመንዌልዝ አገር ዜጋ። ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አባል አይደለችም። የካናዳ፣ የአውስትራሊያ ወይም የኬንያ ፓስፖርት የያዘ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ግን በዚህ በር ይገባል። ማልታና ቆጵሮስም እዚህ ይካተታሉ።
• በሕጋዊ መንገድ የሚኖር የዴንማርክ፣ የሉክሰምበርግ፣ የፖላንድ፣ የፖርቱጋል ወይም የስፔን ዜጋ።
• የሌላ የአውሮፓ ኅብረት አገር ዜጋ፣ ከ2020 መጨረሻ በፊት ጀምሮ ሳያቋርጥ በዩኬ በሕጋዊ መንገድ የኖረ ከሆነ።

የመጨረሻው ነጥብ ከስዊድን፣ ከጀርመን፣ ከሆላንድና ከጣሊያን ወደ እንግሊዝ የተሻገሩ ብዙ ወገኖችን ይመለከታል። ሕጉ የተለወጠው ከሜይ 7 ቀን 2024 ጀምሮ ነው። በ2019 ከስቶክሆልም የመጣ ሰው ይመርጣል፤ በ2022 የመጣው ወንድሙ በስዊድን ፓስፖርቱ አይመርጥም።

የማይችሉትንም በግልጽ እንናገር። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ብቻ ያለው ሰው፣ ኢንደፊኒት ሊቭ (ጊዜ ያልተገደበ የመኖሪያ ፈቃድ) ወይም የስደተኛ ፈቃድ ቢኖረውም፣ ሃያ ዓመት ቢኖርም አይመርጥም። የአሜሪካ ወይም የእስራኤል ፓስፖርትም አይሠራም። ካውንስል ታክስ መክፈል የመምረጥ መብት አይሰጥም።

ማስጠንቀቂያ። ዜግነትን በሐሰት ሞልቶ መመዝገብ እስከ ስድስት ወር እስራት ወይም የገንዘብ ቅጣት የሚያስከትል ወንጀል ነው። ዜግነት ለማግኘት ሲያመለክቱ ደግሞ ሆም ኦፊስ ጠባይዎን ይመረምራል። መብቱ ሳይኖርዎት በስምዎ ፖል ካርድ (ካውንስሉ ከምርጫው በፊት ለመራጮች የሚልከው ካርድ) ከመጣ «ከላኩልኝ ይቻላል ማለት ነው» ብለው አይሂዱ። የካርዱ መምጣት መብት አይፈጥርም። ካውንስሉ ውስጥ ያለው የምርጫ ክፍል ጋ ደውለው ስምዎን ያስወጡ።

አዲስ ዜጋ ከሆኑ ፓስፖርት እስኪወጣ አይጠብቁ። ዜጋ የሚሆኑት በመሐላው ሥነ ሥርዓት ዕለት ስለሆነ የዚያኑ ምሽት መመዝገብ ይችላሉ።

ደረጃ 2፦ ቀኖቹን ቆጥረው ግድግዳ ላይ ይለጥፉ

የካውንስል ምርጫ አብዛኛውን ጊዜ በሜይ የመጀመሪያው ሐሙስ ይካሄዳል። በሁሉም ቦታ በየዓመቱ ግን አይደለም። በለንደን ክፍለ ከተሞች በአራት ዓመት አንዴ ነው። ኦክስፎርድ በየሁለት ዓመቱ ግማሹን መቀመጫ ያስመርጣል። ማንቸስተር ውስጥ ከአራቱ ዓመት በሦስቱ በየዓመቱ ሲሶው ይመረጣል። ስለዚህ የለንደኑ ዘመድዎ «ዘንድሮ ምርጫ የለም» ቢልዎት በእሱ አይመሩ፤ የራስዎን ካውንስል ድረ ገጽ ይመልከቱ።

ቀኖቹ የሚቆጠሩት ከምርጫው ቀን ወደኋላ፣ በሥራ ቀን ብቻ ነው። ቅዳሜ፣ እሑድና ባንክ ሆሊደይ አይቆጠሩም።

• ለመመዝገብ፦ 12 የሥራ ቀን ሲቀር፣ እስከ እኩለ ሌሊት።
• የፖስታ ድምፅ ለማመልከት፦ 11 የሥራ ቀን ሲቀር፣ እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት።
• በወኪል ለመምረጥና ነጻውን የመራጭ መታወቂያ (ደረጃ 4ን ይመልከቱ) ለማመልከት፦ 6 የሥራ ቀን ሲቀር፣ እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት።

አንድ ምሳሌ እንቁጠር። ምርጫው ሐሙስ ሜይ 6 ቀን 2027 ቢሆን፣ ሜይ 3 ባንክ ሆሊደይ ስለሆነ ይዘለላል። ምዝገባው ሰኞ ኤፕሪል 19 ይዘጋል፣ የፖስታው ማመልከቻ ማክሰኞ ኤፕሪል 20፣ የወኪሉና የመታወቂያው ማክሰኞ ኤፕሪል 27። በዚያ ዓመት የእኛ ትንሣኤ ሜይ 2 ይውላል። ምዝገባው በዐቢይ ጾም ውስጥ ይዘጋል፤ ለፋሲካ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ደግሞ በምርጫው ዕለት አዲስ አበባ ነው። እንዲህ ዓይነት ጉዞ ካለዎት ወደ ደረጃ 6 ይሂዱ፤ ለእርስዎ የሚበጀው ወኪል ነው።

ደረጃ 3፦ ይመዝገቡ፤ ስምና የልደት ቀን ላይ አይቸኩሉ

የሚመዘገቡት በመንግሥት ድረ ገጽ በጎቭ ዶት ዩኬ ነው፤ ክፍያ የለውም። ከ16 ዓመት ጀምሮ መመዝገብ ይቻላል፤ ድምፅ መስጠት ግን በ18 ነው። ለቤቱ አንድ ሰው መመዝገቡ ለሌላው አይሠራም፤ ባልም ሚስትም ልጅም እያንዳንዳቸው ለየብቻ ይሞላሉ። ካውንስሉ በየዓመቱ «ቤቱ ውስጥ ማን ይኖራል» ብሎ የሚልከውን ጥያቄ መመለስም ምዝገባ አይደለም። ቤት ከቀየሩ እንደ አዲስ ይመዝገቡ።

*ስም*

ቅጹ የመጀመሪያ ስም፣ የመካከለኛ ስምና የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። እኛ ደግሞ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን። ሰላማዊት ግርማ ወልዴ የምትባል ሴት በፓስፖርቷ የቤተሰብ ስሟ «ወልዴ» ይሆናል፣ በፔይስሊፕ «ግርማ»፣ በሐኪም ቤት መዝገብ ደግሞ የባሏ አባት ስም ገብቶባታል። ሦስት ሰው ትመስላለች።

እንዲህ ያድርጉ፦

1. በምርጫው ዕለት የሚይዙትን ፎቶ ያለበትን መታወቂያ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡ።
2. ስምዎን ፊደል በፊደል ከዚያ ላይ ይገልብጡ። በሁለት ኤን የተጻፈን ዮሐንስ በአንድ ኤን አይጻፉት።
3. የናሽናል ኢንሹራንስ ደብዳቤዎን ያምጡና ያወዳድሩ። ስሙ እዚያ ላይ የተለየ ከሆነ በመታወቂያው ስም ይመዝገቡ፤ ከዚያ ግን የካውንስሉን ደብዳቤ ይጠብቁ።

ደብዳቤው የሚመጣው ካውንስሉ ያቀረቡትን ስም፣ የልደት ቀንና ቁጥር ከመንግሥት መዝገብ ጋር ስለሚያመሳክር ነው። ካልገጠመ ማስረጃ ይጠይቃል፤ ፓስፖርት ወይም የዜግነት ምስክር ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ደብዳቤውን ማስታወቂያ መስሏቸው የሚጥሉ ብዙ ናቸው። መልስ ካልሰጡ አይመዘገቡም፤ ይህንንም የሚያውቁት ጣቢያው በር ላይ ሲደርሱ ነው።

*የልደት ቀን*

በእንግሊዝ ሰነዶችዎ ላይ ያለውን ቀን ይጻፉ፤ እናትዎ የሚነግሩዎትን ወይም በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚያውቁትን አይደለም። ሲመጡ ጃንዋሪ 1 ተብሎ የተመዘገበልዎት ከሆነ እሱኑ ይጻፉ። ቅደም ተከተሉ ቀን፣ ወር፣ ዓመት ነው። አሜሪካ ቆይተው የመጡ ሰዎች ወሩን ያስቀድማሉ፤ ማመሳከሪያው እዚያው ይወድቃል።

*ከላኩ በኋላ*

ማመልከቻው ደረሰን የሚለው ኢሜይል ተመዝግበዋል ማለት አይደለም። ማረጋገጫው ከካውንስሉ በደብዳቤ ይመጣል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልመጣ ለምርጫ ክፍሉ ይደውሉ። የክፍሉን ስልክ ካላገኙ የምርጫ ኮሚሽኑ ነጻ መስመር 0800 328 0280 ይጠቁምዎታል።

ተማሪ ከሆኑና ሁለት አድራሻ ካለዎት በሁለቱም መመዝገብ ይችላሉ። አድራሻዎቹ በሁለት የተለያዩ ካውንስሎች ሥር ከሆኑ በሁለቱም የካውንስል ምርጫ መምረጥ ይፈቀዳል። ለአንድ ካውንስል ሁለት ጊዜ መምረጥ ግን ወንጀል ነው።

ደረጃ 4፦ መታወቂያው የሚሠራ መሆኑን ይፈትሹ

በአካል ለመምረጥ ፎቶ ያለበት መታወቂያ በእንግሊዝ የካውንስል ምርጫ ግዴታ የሆነው ከሜይ 2023 ጀምሮ ነው። የሚሠሩት ዋና ዋናዎቹ፦

• የብሪታንያ፣ የኮመንዌልዝ ወይም የአውሮፓ ኢኮኖሚ ቀጠና አገሮች ፓስፖርት
• የዩኬ መንጃ ፈቃድ፤ የተለማማጁ ጊዜያዊ ፈቃድም ይሠራል
• የመኖሪያ ፈቃድ ባዮሜትሪክ ካርድ
• ብሉ ባጅ (የአካል ጉዳተኞች የመኪና ማቆሚያ ካርድ)
• የአረጋውያን የአውቶቡስ ፓስ፣ ፍሪደም ፓስ፣ 60 ፕላስ ኦይስተር
• «ፓስ» የሚል ሆሎግራም ያለበት የዕድሜ ማረጋገጫ ካርድ

ጊዜው ያለፈበትም ይሠራል፤ ፎቶው እርስዎን መምሰሉ ነው ወሳኙ። የማይሠሩት፦ የኢትዮጵያ ፓስፖርትና መንጃ ፈቃድ፣ የሥራ ባጅ፣ የተማሪ ካርድ፣ የወጣቶች የኦይስተር ካርድ፣ ስልክ ላይ ያለ ፎቶ፣ ፎቶ ኮፒ። ሕጉ ሊሻሻል ስለሚችል ከቤት ሲወጡ ፖል ካርዱ ላይ የታተመውን ዝርዝር አንዴ ያንብቡ።

በጣም የሚጎዱት አዲስ ዜጎች ናቸው። የባዮሜትሪክ ካርድ በእጃቸው የለም፣ የብሪታንያ ፓስፖርት ገና አልወጣም፣ በእጃቸው ያለው የዜግነት ምስክር ወረቀት ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ፎቶ የለውም። እንዲህ ከሆኑ የመራጭ መታወቂያ ወረቀት ያመልክቱ። በጎቭ ዶት ዩኬ ነጻ ነው፤ ፎቶና ናሽናል ኢንሹራንስ ቁጥር ይጠይቃል። በመጀመሪያ መመዝገብ አለብዎት፤ የምዝገባውን ማመልከቻ ከላኩ በኋላ በዚያው ቀን ወይም ትንሽ ቆይተው የመታወቂያውን ይሙሉ።

በመታወቂያውና በመዝገቡ መካከል ትንሽ የፊደል ልዩነት ቢኖር የጣቢያው ኃላፊ አብዛኛውን ጊዜ ያልፈዋል። ሙሉ ስሙ ከተለየ፣ ለምሳሌ በጋብቻ ከተቀየረ፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀቱን ወይም ስም የቀየሩበትን ሰነድ ይዘው ይሂዱ።

ደረጃ 5፦ በፖስታ ከመረጡ

ማታ ለሚሠራ፣ ሕፃን ላለባት፣ የኡበር ሾፌር ለሆነ ሰው የፖስታ ድምፅ ጥሩ ነው። ብዙ ድምፅ የሚወድቀውም ግን እዚህ ነው። ስለዚህ ቀስ ብለው ያንብቡ።

*ሲያመለክቱ*

የናሽናል ኢንሹራንስ ቁጥር፣ የልደት ቀንና ፊርማ ይጠየቃሉ። በነጭ ወረቀት ላይ በጥቁር እስክሪብቶ ፈርመው ፎቶውን ይጭናሉ። ፊርማው በኋላ የሚመጣው ቅጽ ላይ ካለው ጋር ይነጻጸራል። በግዕዝ ፊደል ቢፈርሙ ችግር የለም፤ ያኔም በግዕዝ ይፈርሙ። አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በእንግሊዝኛ መፈረም ድምፁን ይጥለዋል። በዚያው ወረቀት ሁለተኛ ጊዜ ፈርመው ቤት ያስቀምጡት፤ ጊዜው ሲደርስ አይተው ይፈርማሉ። እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ወይም መፈረም የማይችሉ አረጋውያን ከፊርማ ነጻ እንዲሆኑ በማመልከቻው ላይ መጠየቅ ይችላሉ።

የፖስታ ድምፅ ከሦስት ዓመት በላይ አይቆይም። «ያኔ አመልክቻለሁ» ብለው አይዘናጉ፤ ካውንስሉ አድሱ ብሎ ሲጽፍ ያድሱ።

*ፖስታው ሲመጣ*

ውስጡ የድምፅ መስጫ ወረቀት፣ የማረጋገጫ ቅጽ፣ ኤ የተባለ ትንሽ ፖስታና ቢ የተባለ ትልቅ ፖስታ አለ። በቤቱ ሦስት መራጭ ካለ አንዱ ጨርሶ ሳያሽግ የሌላው እንዳይከፈት። ቁጥሮቹ ይመሳከራሉ፤ የባልና የሚስት ቅጽ ከተቀያየረ ሁለቱም ድምፅ አደጋ ላይ ይወድቃል።

1. የድምፅ መስጫውን ወረቀት ብቻዎን ሆነው ይሙሉ። ስንት ምልክት እንደሚፈቀድ ደረጃ 7 ላይ አለ።
2. ወረቀቱን አጥፈው ኤ ውስጥ ያስገቡና ያሽጉት።
3. ማረጋገጫ ቅጹ ላይ ይፈርሙ።
4. የልደት ቀንዎን ይሙሉ። እዚህ ላይ ቆም ይበሉ። ስምንት ካሬዎች አሉ፣ ከፊርማው አጠገብ ናቸው፣ እጅዎ በልማድ የዕለቱን ቀን ሊጽፍ ይሄዳል። የዕለቱ ቀን ከተጻፈ ድምፁ ውድቅ ነው። የሚጠየቀው የተወለዱበት ቀን፣ ያውም ሲያመለክቱ የጻፉት ነው።
5. ቅጹንና የታሸገውን ኤ አብረው ቢ ውስጥ ያስገቡ። አድራሻው በመስኮቱ መታየቱን አይተው ያሽጉ። ቴምብር አያስፈልግም።
6. ምርጫው ሳምንት ሲቀረው ይላኩ። ከምርጫው ቀን ምሽት 10 ሰዓት በኋላ የደረሰ አይቆጠርም።

*ቀኑ ከደረሰብዎት*

ወደ ፖስታ ሳጥን አይጣሉት። ይዘውት ወደ ድምፅ መስጫ ጣቢያ ይሂዱና ለሠራተኛው በእጅ ይስጡ። አጭር ቅጽ ያስሞላዎታል፤ ካልሞሉ ድምፁ ይወድቃል። በካውንስሉ የደብዳቤ ቀዳዳ ሹልክ አድርጎ መሄድም ያው ነው፤ ይጣላል። ከራስዎ ሌላ የአምስት ሰው ፖስታ ብቻ ማስረከብ ይፈቀድልዎታል።

ማስጠንቀቂያ። የፓርቲ ወይም የዕጩ ቀስቃሽ ቤትዎ መጥቶ «እኔ ላድርስልዎ» ካለ አይስጡት። የቅርብ ቤተሰብዎ ወይም ተንከባካቢዎ ካልሆነ በቀር ቀስቃሽ የሌላ ሰው የፖስታ ድምፅ መያዝ በሕግ ተከልክሏል። የማኅበር መሪ ወይም የሃይማኖት አባት ቢሆንም ለዕጩ የሚቀሰቅስ ከሆነ ሕጉ አንድ ነው።

ፖስታው ካልመጣ ለካውንስሉ ይደውሉ። ምርጫው አራት የሥራ ቀን ሲቀረው ጀምሮ እስከ ምርጫው ቀን ምሽት 5 ሰዓት ምትክ ይሰጣል። ተሳስተው ከጻፉበትም እስከዚያው ሰዓት ሙሉውን መልሰው ምትክ ይቀበላሉ። የፖስታ መራጭ ሆነው ሳሉ ጣቢያ ሄደው ባዶ ወረቀት ቢጠይቁ ግን አይሰጥዎትም።

ደረጃ 6፦ በወኪል ከመረጡ

በምርጫው ዕለት አገር ውስጥ ከሌሉ ይህን ይምረጡ። የፖስታ ድምፅ ወደ ውጭ አገር መላክ ቢቻልም ወደ ኢትዮጵያ ደርሶ የሚመለስበት ጊዜ አይኖርም።

ወኪልዎ ራሱ ለዚህ ምርጫ መብት ያለው መሆን አለበት። ኢንደፊኒት ሊቭ ያላት እህትዎ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ወኪል ልትሆን አትችልም። አንድ ሰው በእንግሊዝ ለሚኖሩ ከሁለት መራጮች በላይ አይወከልም፤ ስለዚህ የሰፈሩ ሁሉ አንድ ሰው ላይ እንዳይወድቅ ቀድመው ይነጋገሩ። ወኪሉ የሚሄደው ወደ እርስዎ ጣቢያ ነው፤ የሚያሳየውም የራሱን መታወቂያ እንጂ የእርስዎን አይደለም። ማንን እንደሚመርጥልዎ በግልጽ ይንገሩት። መጀመሪያ እንዲጠይቁት እንመክራለን፤ ብዙ ሰው ሳያውቅ ተወክሎ ጣቢያው ሩቅ ሆኖበት ይቀራል።

የስድስቱ ቀን ገደብ ካለፈ በኋላ በድንገት ከታመሙ፣ ሥራ ባልታሰበ ሁኔታ ከላከዎት፣ ወይም መታወቂያዎ ከጠፋ ወይም ከተሰረቀ አስቸኳይ ወኪል እስከ ምርጫው ቀን ምሽት 5 ሰዓት መጠየቅ ይቻላል። ለካውንስሉ በስልክ ይጀምሩ።

ደረጃ 7፦ በምርጫው ዕለት

ጣቢያዎች ከጠዋቱ 7 እስከ ምሽቱ 10 ሰዓት ክፍት ናቸው። ፖል ካርዱ ላይ ወደተጻፈው ጣቢያ ብቻ ይሂዱ። ከሥራ ቦታዎ አጠገብ ያለው ወይም ባለፈው ዓመት የሄዱበት አይሠራም፤ ጣቢያ ይቀየራል። ካርዱን ግን መያዝ ግዴታ አይደለም።

1. በሩ ላይ የፓርቲ ሪባን ያደረጉ ሰዎች ቁጥርዎን ሊጠይቁ ይችላሉ። የምርጫ ሠራተኞች አይደሉም፤ አለመመለስ መብትዎ ነው።
2. ለሠራተኛው ስምና አድራሻ ይንገሩ። ስምዎ በመዝገቡ የገባው በአያት ስም ሊሆን ስለሚችል ካጡት «በወልዴም ፈልጉልኝ» ይበሉ። ከዚህ ሁሉ የሚቀለው ፖል ካርዱን ማሳየት ነው።
3. መታወቂያ ያሳዩ። ፊቷን የምትሸፍን ሴት ለብቻ በተከለለ ቦታ፣ ሴት ሠራተኛ ካለች በሴት፣ እንዲታይላት ትጠይቅ። ሻሽና ነጠላ ፊት እስካልሸፈኑ ድረስ አይወልቁም።
4. ወረቀቱን ተቀብለው ብቻዎን ወደ መከለያው ይግቡ።

*ስንት ምልክት?*

ወረቀቱ አናት ላይ ያለውን መመሪያ ያንብቡ፤ ቁጥሩ ከቦታ ቦታና ከዓመት ዓመት ይለያያል። በማንቸስተር እያንዳንዱ ዋርድ (የካውንስሉ የምርጫ ክልል) ሦስት ካውንስለር ቢኖረውም በተለመደው ዓመት የሚመረጠው አንድ ነው፤ አንድ ምልክት ብቻ ያደርጋሉ። በለንደን ግን ሁሉም በአንዴ ስለሚመረጡ እስከ ሦስት ምልክት የሚፈቅዱ ዋርዶች አሉ። ከተፈቀደው ማነስ ይቻላል፤ ሦስት ተፈቅዶልዎት አንዱን ብቻ ቢመርጡ ይቆጠራል። ከበለጠ ሙሉ ወረቀቱ ይወድቃል። ለአንድ ዕጩ ሁለት ምልክት ማድረግ ድምፁን አያበዛም።

በዕለቱ ሁለት ወረቀት ሊሰጥዎት ይችላል፤ ለምሳሌ የዲስትሪክትና የፓሪሽ (የአነስተኛ አካባቢ) ካውንስል። የአንዱ ቁጥር ለሌላው አይሠራም።

ከስሙ በስተቀኝ ባለው ሳጥን ውስጥ የኤክስ ምልክት ያድርጉ። ስምዎን አይጻፉ፣ አይፈርሙ፣ አስተያየት ወይም ጥቅስ አይጨምሩ። ማንነትን የሚገልጥ ጽሑፍ ወረቀቱን ይጥለዋል። እርሳስ ይቀመጣል፤ የራስዎን እስክሪብቶም መጠቀም ይችላሉ። ወረቀቱን በስልክ ፎቶ አያንሱ።

ከተሳሳቱ ሰርዘው አይደልዙ። ሳጥን ውስጥ ሳያስገቡ ወደ ሠራተኛው ይመለሱና አዲስ ይጠይቁ፤ ይሰጥዎታል። ሳጥን ውስጥ ከገባ በኋላ ግን የሚደረግ ነገር የለም።

*አብሮ መግባት*

ባል ሚስትን፣ ልጅ እናቱን «ላሳይሽ» ብሎ መከለያ ውስጥ ተከትሎ መግባት በእኛ ዘንድ እንደ መረዳዳት ይታያል። እንግሊዝ ውስጥ ግን በ2023 በወጣው የድምፅ ምስጢር ሕግ መሠረት በሌላው ሰው ምርጫ ላይ ተጽዕኖ ለማድረግ አብሮ መግባት ወንጀል ነው። ማንበብ የማይችሉ ወይም አካል ጉዳት ያለባቸው እናትና አባት ረዳት ይፈቀድላቸዋል፤ አሠራሩ ግን የተለየ ነው። ለጣቢያው ኃላፊ ይነገራል፣ 18 ዓመት የሞላው ረዳት ቅጽ ይሞላል፣ ከዚያ አብሮ ይገባል። ኃላፊው ራሱም ሊረዳ ይችላል። ልጆች ይዞ መግባት ይፈቀዳል፤ ምልክቱን ግን ልጁ አያድርግ።

ነገር ሲበላሽ

*«ስምዎ መዝገቡ ላይ የለም» ቢሉዎት።* መጀመሪያ ትክክለኛው ጣቢያ መሆኑን ያረጋግጡ። ከሆነ እዚያው ቆመው ለካውንስሉ የምርጫ ክፍል ይደውሉ። በጊዜው ተመዝግበው ስሙ የጠፋው በካውንስሉ ስህተት ከሆነ እስከ ምርጫው ቀን ምሽት 9 ሰዓት ማስተካከል ይቻላል። ለዚህ ነው በማለዳ መሄድ የሚሻለው፤ በ9 ሰዓት ተኩል የመጣ ሰው ይህን ዕድል አያገኝም።

*መታወቂያው አይሠራም ከተባለ።* አይከራከሩ፣ ተቆጥተውም አይቅሩ። ሌላ መታወቂያ ይዘው እስከ 10 ሰዓት መመለስ ይችላሉ።

*«በስምዎ ተመርጧል» ከተባለ።* ዝም ብለው አይውጡ፤ ልዩ ወረቀት እንዲሰጥዎት ይጠይቁ። ቀለሙ ከሌላው የተለየ ነው፣ ሳጥን ውስጥ አይገባም፣ ኃላፊው ለብቻ ያስቀምጠዋል። በመጀመሪያው ቆጠራ አይገባም፤ ውጤቱ ፍርድ ቤት ከደረሰ ግን ይታያል።

*10 ሰዓት ላይ ሰልፍ ውስጥ ከሆኑ።* ከሰልፉ አይውጡ። 10 ሰዓት ሲሞላ በሰልፉ የቆመ ሁሉ ይመርጣል።

*ከምርጫው በኋላ ከካውንስሉ ደብዳቤ ከመጣ።* የፖስታ ድምፃቸው በፊርማ ወይም በልደት ቀን አለመግጠም ለወደቀባቸው ሰዎች ካውንስሉ ምክንያቱን ጽፎ ያሳውቃል። ደብዳቤው የትኛው እንዳልገጠመ ይነግርዎታል። ፊርማ ከሆነ አዲስ የፊርማ ናሙና ይላኩ፤ የልደት ቀን ከሆነ ደውለው መዝገቡ ላይ የትኛው ቀን እንደሰፈረ ይጠይቁና፣ ስህተቱ የእነሱ ከሆነ በሰነድ ያሳርሙ፣ የእርስዎ ከሆነ ያንኑ ቀን ከፊርማው ናሙና ጎን ጽፈው ያኑሩ።